ሁለት ጊዜ ስለተወለደችው በረኛ፣ ለዕድሜ ማጣሪያ ዴስክ ኃላፊ

ለተከበሩ የታዳጊ ብሔራዊ ቡድኖች የዕድሜና ማስረጃ ማጣሪያ ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ቦሌ መንገድ ላይ ካለው የመስታወት ሕንጻ ስድስተኛ ፎቅ ድረስ፣ ሊፍቱ ከሠራ በሊፍቱ፣ ካልሠራም እንደ እኔ በየደረጃው እያረፈ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይ ዓይንዎ ደኅና ነው ወይ? ልጆችዎስ? የልደት ቀናቸውን በየትኛው አቆጣጠር እንደምታከብሩላቸው ባላውቅም በሁለቱም እንኳን አደረሳቸው እላለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደም ግፊቴ ብቻ ካለፈው መጋቢት አሥራ አንድ ጀምሮ አልወርድ ብሏል፣ ምክንያቱን ወደ ታች ሲያነቡ ያገኙታል። ስምዎን ሳልጠራ የጻፍኩት ንቄዎት እንዳይመስልዎ። አራት ጊዜ ወደ ቢሮዎ ስመላለስ በርዎ ላይ ያየሁት «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ብቻ ስለሆነ፣ ስምዎ እሱ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሲስተር አሰገደች በርጋ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ወሎ ሰፈር የምኖር፣ ኳስ የሚባል ነገር ጨርሶ የማላውቅ ሴት ነኝ። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ የልጅ ልጆቼ በሹካና በማንኪያ እያሳዩ ሦስት ጊዜ አስረድተውኝ እስካሁን አልገባኝም። እንዲህ ያለች አሮጊት ስለ ብሔራዊ ቡድን ምን አገባት ይሉ ይሆናል፤ ጸሐፊዎም በጨዋ ቋንቋ ይህንኑ ብላኛለች። ያገባኛል ጌታዬ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በረኛ የነበረችውን፣ እናንተ ግን «ዕድሜዋን አጭበርብራለች» ብላችሁ ስሟንና ፎቶዋን ለጥፋችሁ ያባረራችኋትን ጋዲሴ ጃለታን፣ ወደዚህ ዓለም ስትመጣ በእነዚህ በሁለት እጆቼ ተቀብዬ እትብቷን የቆረጥኩት እኔ ስለሆንኩ በጣም ያገባኛል።

ይህ ለሕዝብ የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነና እርስዎ ባያነቡት እንኳ ሌላ ሰው ስለሚያነበው ነገሩን ከሥሩ እጀምራለሁ። ጥር 3 ቀን 2001 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ ቡልቡላ ገና የጤፍ ማሳ በነበረበት ጊዜ፣ አዴ ሎሚ የምትባል ገበሬ ምጥ ይዟት አሸዋ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ተቀምጣ እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። ባለቤቷ ኦቦ ጃለታ ጋቢናው ስላልበቃው አሸዋው ላይ ተቀምጦ ነበር የመጣው፤ ሰሞኑን ሲወቃ የከረመው የጤፍ ገለባ ከጃኬቱ ሳይራገፍ በር ላይ እንደቆመ ዛሬም ይታየኛል። ሴት ልጅ፣ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም፣ ጤነኛ። ቀኑን በወሊድ መዝገቡ ላይ በራሴ እጅ ጻፍኩት፣ ለእናትየውም በካርዷ ላይ ጻፍኩላት፦ 03/05/2001። ሦስተኛው ቀን፣ አምስተኛው ወር። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፤ ጣትዎን እያጠፉ ቢቆጥሩ አምስተኛው ጥር ነው። እኛ አገር እንደዚያ ነው የሚቆጠረው፤ እዚያ ፎቅ ላይ ስለሚለይ ነው የነገርኩዎት።

ከዚያ ወዲህ ማሳው ሁሉ ሕንጻ ሆነ። ኦቦ ጃለታ አትላስ አካባቢ የአንድ ሕንጻ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ፤ አዴ ሎሚ የቀሯትን ሁለት ላሞች እያለበች ወተት ትሸጣለች፣ የእኔም ደንበኛ ናት። ልጅቷ ቁመቷ ተመዘዘ። ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለውና ሱቁን ሲዘጋ የአካባቢውን ሴት ልጆች ሰብስቦ የሚያሠለጥነው ካሊድ ይህን አይቶ ጎል ውስጥ አቆማት፤ ኳስ አንዴ ከያዘች ከእጇ ለማስለቀቅ ሁለት ሰው ያስፈልጋል ይላል። ባለፈው የካቲት ለብሔራዊ ቡድኑ ተመርጣ ካምፕ ገባች። ሰፈሩ እልል አለ። የውድድሩ ደንብ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ወዲህ የተወለደች ልጅ ትጫወት ይላል፤ የእኛ ጥር 3 ቀን 2001 በፈረንጅ ሲገለበጥ ጃንዋሪ 11 ቀን 2009 ነው። በዐሥር ቀን ገባች ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደንቡ ወደ 2010 ስለሚያልፍ ይህ ለእሷ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ዕድል ነበር፤ እባክዎ ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ቡድኑ መጋቢት 15 ሊበር የእናንተ ደብዳቤ መጋቢት 9 ደረሰ። ከዚህ በኋላ ያለውን እንደ ቢሮ ወግ በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ እናንተ ቁጥር እንደምትወዱ አይቻለሁና።

አንደኛ፤ ስለ ንባባችሁ አመሰግናለሁ። ካሊድ ምዝገባውን የሞላው እናንተው ባተማችሁት ፎርም ላይ ነው፤ ፎርሙ «የትውልድ ቀን» ካለ በኋላ ባዶ ቦታ ትቶ መጨረሻው ላይ «ዓ.ም.» የሚል ቃል በትልቁ ታትሞበታል። ካሊድም የታተመውን አምኖ 03/05/2001 ብሎ ሞላ። የዴስክዎ ሰው ደግሞ ያንኑ ወስዶ ኮምፒውተር ውስጥ ሜይ 3 ቀን 2001 ብሎ አስገባው። እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም በሥራ ዘመኔ መንታ መሆኑን ሳላውቅ አንዱን ብቻ ጠብቄ አውቃለሁ። ቀጥሎ የመጣው ግን ስህተት አይባልም። ያው ዴስክ የልጅቷን ፓስፖርት ሲያይ ጃንዋሪ 11 ቀን 2009 የሚል አገኘ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦም «ተጫዋቿ ሁለት የተለያየ የትውልድ ቀን ይዛ ስለተገኘች፣ ዕድሜዋንም በስምንት ዓመት ገደማ መቀነሷ ስለተረጋገጠ» ብሎ ጻፈ። ኧረ በሕግ አምላክ! በዚህ አገር ሁለት የትውልድ ቀን የሌለው ማን ነው? እኔ ሁለት አለኝ፣ ጎረቤቴ ሁለት አለው፣ እርስዎም ውጭ አገር ለስብሰባ የሚሄዱበትን ፓስፖርት መሳቢያዎ ውስጥ ፈልገው ቢያወጡት ሁለተኛውን ያገኙታል። እንዲህ ከሆነ አንድ መቶ ምናምን ሚሊዮን አጭበርባሪ አለብዎትና ዴስክዎ ቶሎ ይስፋ።

ደግሞ የሚገርመኝ፣ ያ ደብዳቤ አናቱ ላይ «መጋቢት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.» ይላል። ለራሳችሁ ሲሆን የእኛ አቆጣጠር፣ ለልጅቷ ሲሆን የፈረንጅ። አናቱ ላይ ካለው 2018 ውስጥ ሆዱ ውስጥ ያለውን 2001 ብትቀንሱ አሥራ ሰባት ይወጣ ነበር፤ ለዚህ ኮምፒውተርም አያስፈልግም፣ አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ወንዶቹ ዕድሜያቸው እንዲለይ የእጅ አንጓቸው በማሽን ይታያል፣ ሴቶቹ ግን በወረቀታቸው ነው የሚታመኑት ብለው የነገሩኝ ልጆች አሉ። ወረቀት የሚያነብ ሰው ከሌለ በወረቀት መታመን ምን ይጠቅማል?

ሁለተኛ፤ በሙያዬ በኩል ላበረከታችሁት ግኝት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በእናንተ ስሌት ጋዲሴ የተወለደችው በፈረንጅ ሜይ 2001 ከሆነ፣ እኔ ጥር 3 ቀን በእጄ የተቀበልኳት ልጅ የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ልጅ ነበረች ማለት ነው። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ! አንድ ጥርስ ሳይኖራት! ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ከሁለት ሺህ በላይ ሕፃን ተቀብያለሁ፤ ለትምህርት ቤት የደረሰ ሕፃን ማዋለዴን ግን የነገረኝ የእርስዎ ዴስክ ብቻ ነው። ይህን ተአምር መጋቢት 11 ቀን የድሮ ደብተሬን ይዤ መጥቼ ለመስኮቷ ልጅ ባስረዳት፣ ፈገግ ብላ «ማዘር፣ ሲስተሙ ላይ ቱ ታውዘንድ ዋን ነው የሚለው» አለችኝ። ሲስተሙን ማን ሞላው ብላት እኛ ነን አለች። ታዲያ ብላት፣ ሲስተሙ አንዴ ከሞላ አይመለስም አለች። ልጅቷን አልፈርድባትም፤ ወንበርም የሰጠችኝ እሷ ናት። ማኅተም ያለበት ማስረጃ ከጤና ጣቢያው አምጪ ተባልኩ። በሦስት ቀን ውስጥ የአሥራ ሰባት ዓመት መዝገብ ከመጋዘን አስወጥቼ፣ አቧራው ሳንባዬ ውስጥ ገብቶ፣ ማኅተም አስመትቼ መጋቢት 14 ሰኞ ጠዋት ስመጣ በራችሁ ላይ ያ ወረቀት ተለጥፏል። ስብሰባ ላይ ነበራችሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆሜ ጠበቅኋችሁ፤ ከስብሰባው የወጣ ሰው ግን አላየሁም፣ ምናልባት በመስኮት ትወጡ ይሆናል። በማግስቱ ቡድኑ በረረ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቱታው። ደብዳቤው በደረሰ ቀን ጋዲሴ ካምፑ ካለበት ሆቴል በር ላይ ተጠርታ ከዴስካችሁ በመጣ ሰው ውጪ ተባለች፤ ያ አይበቃም፣ የለበሰችው የቡድኑ ቱታ ንብረት ስለሆነ እዚያው አውልቂ ተባለች። ከሥር ቲሸርት ነበራት። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ፣ ጓደኞቿ በመስኮት እያዩ፣ በረንዳ ላይ! ከሆቴሉ ልብስ የምታጥብ ነኢማ የምትባል ሴት፣ እግዜር ይስጣት፣ የራሷን ሹራብና ቀሚስ አምጥታ አለበሰቻት። አባቷ የሚጠብቀው ሕንጻ ከሆቴሉ ሁለት መቶ ሜትር አይርቅም። ኦቦ ጃለታ በሩ ላይ ቆሞ ልጁ በማያውቀው ልብስ እያለቀሰች ስትመጣ አየ። ያን ቱታ ማን ይለብሰዋል ብላችሁ ነው? ቁመቷ እኮ አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት ነው።

ፎቶዋን ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ለቃችሁ ከሥሩ «በዕድሜ ማጭበርበር የተሰረዘች» ብላችሁ መጻፋችሁንም እዚሁ ላይ አመሰግናለሁ፤ በአንድ ቀን ከእሷ በላይ የታወቀ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ቡልቡላ ሜዳ ላይ አብረዋት ያደጉት ልጆች «እትዬ ጋዲሴ» ይሏት ጀመር። ወሎ ሰፈር ታክሲ ስትገባ አንዱ ረዳት ለእናቶች ቦታ ልቀቁ ብሎ ታክሲው በሙሉ ሳቀ። የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር ሳይቀር ጠርተው የልደት ካርድሽን አምጪ አሏት። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ሜዳ አልወረደችም። ካሊድ ሁለት ጊዜ እቤቷ ሄዶ ለመናት፤ እቃ ማጠብ አለብኝ ብላ ሳትወጣ ቀረች።

አራተኛው ላይ ትሕትናዬ ያልቅብኛል፤ ለዚህም ይቅርታ አልጠይቅም።

መጋቢት 10 ቀን፣ ማለትም ልጁ በሰው ሹራብ በመጣች ማግስት፣ ኦቦ ጃለታ ከሥራው አስፈቅዶ፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚለብሳትን ኮት ለብሶ ወደ ዴስካችሁ ወጣ። ለምን እንደሄደ ያውቃሉ? ይቅርታ ሊጠይቅ። ኦቦ ጃለታ ትምህርት ቤት አልገባም። አማርኛውን የተማረው ገበያ ላይ ነው፣ ፊደል አይለይም። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ቀንና ስለ ወረቀት የተማረ ሰው ተሳስተሃል ካለው ተሳስቻለሁ ብሎ የሚቀበል ሰው ነው፤ ያኔ ከአሸዋው ላይ ወርጄ ቀኑን ስነግራት አሳስቻት ይሆናል ብሎ አስቧል። ለእኔ ቀኑን የነገረኝ እሱ አይደለም እኮ! ግድግዳው ላይ ካላንደር ነበረኝ!

የዴስካችሁ ሰው ምን አደረገ? ይህ ሰው ፊቱ የቆመው ገበሬ ምንም ጥፋት የሌለበት መሆኑን ለማወቅ አንድ መስመር ማንበብ ይበቃው ነበር። እሱ ግን «ፋዘር፣ ጥፋትዎን ካመኑ ነገሩ ይቀልላል፣ ልጅቷም ትመለሳለች» ብሎ ወረቀት ሰጠው። ኦቦ ጃለታ ልጅቷ ትመለሳለች የሚለውን ብቻ ሰማ። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። አመስግኖ፣ አጎንብሶ፣ ደረጃውን ወርዶ ሄደ፤ ለአዴ ሎሚም አለቀ፣ ነገ ትመለሳለች ብሎ ነገራት። በነጋታው አዴ ሎሚ፣ ጾም ስለሆነ ወተት ሳትይዝ፣ ባዶ እጇን እኔ ቤት መጥታ ያለቀሰችው ልጅቷ ስላልተመለሰች ነው፤ እኔም ወሬውን የሰማሁት በዚያ ነው።

ወረቀቱ ምን እንደሚል ያወቅነው መጋቢት 18 ቀን ነው። ማኅተም ያለበትን ማስረጃ ይዘን እኔ፣ ካሊድና ጋዲሴ ራሷ ስንመጣ፣ የዴስካችሁ ሰዎች ማስረጃውን ሳያዩ «አባትየው እኮ አምኗል» ብለው ዘርግተው አሳዩን። «የልጄን ዕድሜ ሆን ብዬ አሳንሼ ማስመዝገቤን አምናለሁ፣ ይህንንም ያደረግኩት ለጥቅም ብዬ ነው» ይላል። ከሥሩ የኦቦ ጃለታ አውራ ጣት። ልጅቷ ቆማ አነበበችው። እኔ ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት፤ የጠረጴዛው መስታወት ከተሰነጠቀ እኔ ነኝ፣ ስሜንና አድራሻዬን ከላይ ሰጥቻለሁ። ፊደል የማይለይ ሰው የማያውቀውን ጥፋት በጣቱ አስፈርማችሁ ምሳችሁን በላችሁ ወይ? ምሳው ወረደላችሁ ወይ? ልጅ ያላችሁ ሰዎች አይደላችሁም ወይ?

ልመለስ ወደ ትሕትናዬ።

አምስተኛ፤ ስለ ፍጥነታችሁ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ ማለትም ቡድኑ ሁለቱንም ጨዋታ ተሸንፎ ከተመለሰ በኋላ፣ ለአራተኛ ጊዜ ስድስት ፎቅ ወጥቼ ስደርስ አንድ ፖስታ ጠበቀኝ። አቤት ደስታዬ! ከፍቼ ሳነበው «በመረጃ አገባብ ወቅት በተፈጠረ የአቆጣጠር ልዩነት» የተጫዋቿ የትውልድ ቀን ተስተካክሏል ይላል። ልዩነት ተፈጠረ እንጂ ማን ፈጠረው አይልም፤ ልዩነቱ ብቻውን በሩን ከፍቶ የገባ ይመስላል። ቀጥሎም ተጫዋቿ «ዕድሜዋ እስከፈቀደ ድረስ በሚቀጥለው ውድድር ላይ ለመመረጥ እንደምትችል በአክብሮት እንገልጻለን» ይላል። ዕድሜዋ አይፈቅድማ! ከላይ ያዙልኝ ያልኩዎት ለዚህ ነበር፤ የሚቀጥለው ውድድር ለ2010 ልጆች ነው። መጋቢት ላይ ዕድሜዋ ሳያልፍ አልፏል አላችሁ፣ እውነቱን አምናችሁ እስክትጽፉ ድረስ ደግሞ ጊዜው ራሱ አልፎ አረፈው። እንዲህ ያለ ሥራ በዕውቀት ቢሠራ እንኳ እንዲህ አያምርም።

ጋዲሴ ብትኖር ቡድኑ ያሸንፍ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ከኳስ ጋር እንደማንተዋወቅ ነግሬዎታለሁ። ምናልባት አምስት ይገባባት ነበር። ይግባባት! ግን ለእሷ ይግባባት! በራሷ እጅ፣ የአገሯን ማሊያ ለብሳ፣ አዴ ሎሚና ኦቦ ጃለታ የጎረቤት ቴሌቪዥን ላይ እያዩዋት ይግባባትና አልቅሳ ትመለስ ነበር፣ እኛም አይዞሽ ብለን እንቀበላት ነበር። የወሰዳችሁባት ይህን ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አይመልሰውም።

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ የኦቦ ጃለታ የእምነት ቃል ወረቀትስ ብዬ ጸሐፊዎን ጠየቅኳት። እሱ ሌላ ፋይል ነው፣ ማኅደር ገብቷል አለችኝ። እንግዲህ ዛሬ በእናንተ መዝገብ ልጅቷ እውነተኛ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ አባቷ ደግሞ ዕድሜዋን አሳንሶ ያስመዘገበ ወንጀለኛ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ማኅተም አላቸው፣ ማንም ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አላያቸውም። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

የምጠይቀውን ልንገርዎ፤ ብዙ አይደለም። ውድድሩን መልሱልን አልልም፣ ካሣም አልፈልግም፣ ቱታውንም ለፈለጋችሁት አልብሱት። ኦቦ ጃለታን በክብር ጥሩልኝ። ወንበር ስጡት። ያን የፈረመውን ወረቀት ከማኅደር አውጥታችሁ፣ ኦሮምኛ የሚችል ሰው አቅርባችሁ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ምን እንደሚል በጆሮው አንብቡለት። ከዚያ አንተ አልተሳሳትክም፣ የተሳሳትነው እኛ ነን በሉት፤ በዚያው ፊቱ ላይ ወረቀቱን ቅደዱት። ይህን ስታደርጉ ጋዲሴ እዚያው ትቁም። የልጅቷን ስም ያጠፋችሁበት ቴሌግራም ላይም በዚያው መጠን፣ በዚያው ፎቶ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጻፉ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅባችሁ ነው፤ ስብሰባ ላይ ካልሆናችሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ አክባሪና ደጅ ጠኚ፣ ስድስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ ለመውረድ ዝግጁ የሆነች፣ በሁለት አቆጣጠር የተወለደች በሁለቱም የተናደደች፣ ለጤናዎ፣ ለዓይንዎና ለንባብዎ ዘወትር የምትጸልይ፣

ሲስተር አሰገደች በርጋ
አዋላጅ ነርስ (ጡረተኛ)
ወሎ ሰፈር፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከደብዳቤው የቀረ፦ ትናንት ጋዲሴ ብቻዋን እኔ ቤት መጥታ ነበር። ውኃ እንኳ አልጠጣም ብላ፣ እውነቱን ንገሪኝ መቼ ነው የተወለድኩት አለችኝ። ነገርኳት፣ ደብተሬንም አሳየኋት፣ ገለባውንና አሸዋውን ሁሉ አወራኋት። ታዲያ አባቴ ካልዋሸ ለምን ፈረመ አለችኝ። ልጅህ ትመለሳለች ስላሉት ነው ብላት፣ ከራሳቸው አፍ ካልሰማሁ አላምንም አለች። ኦቦ ጃለታ ወረቀቱ ምን እንደሚል እስካሁን አያውቅም፤ እናቷ ልንገረው ብላ ጀምራ ተወችው፣ እኔም በአፌ ልነግረው ሄጄ ፊቱን ሳየው አቃተኝ። ልጁ ለምን እንደተቆጣችው ሳይገባው ጥፋቱ የቱ እንደሆነ እያሰበ በሩን ይጠብቃል። ጋዲሴ ወረቀቱን ካነበበችበት ከመጋቢት 18 ጀምሮ አባቷን አላናገረችውም፤ ፋሲካን በአንድ ገበታ ቀርበው እንኳን አደረሰህ ሳትለው ተነሥታ ሄደች። ዛሬ ሃያ አምስት ቀናቸው ነው። በእኛም ቁጠሩት በፈረንጅም ቁጠሩት፣ ያው ሃያ አምስት ነው።